በፖሊስ ላይ አቤት ስትሉ፣ ጎረቤት ሲያያችሁ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ትንሽ ከተማ ላይ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ደጀን ይሁን ቢቸና፣ ሞጣ ይሁን ቡሬ፣ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሰው ወሬው ቀድሞት ቤቱ ይደርሳል። ፖሊስ ደበደበኝ ብሎ አቤት ማለት ደግሞ ይብሳል። ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እናንተን ብቻ የሚያይ ይመስላችኋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ የሚመክራችሁም አይጠፋም። ግን ፖሊስ ይከሰሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 የያዘውን ሰው የሚያስፈራራ ወይም በጭካኔ የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። እኔን የሚያሳዝነኝ እውነተኛ በደል በቀላል ስህተት ሲበላሽ ማየት ነው።

ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ቡና ላይ ማውራት

የተጎዳ ሰው ማውራት ይፈልጋል። ግን በረካው ሳይጠጣ «በጥፊ መታኝ» ያላችሁት «በሰደፍ መታው» ሆኖ ሰፈሩን ይዞራል። በኋላ ምስክር ሲጠራ ያየውንና የሰማውን ይቀላቅላል። ተከሳሹም ያቺን ልዩነት አይለቃትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፤ የቀረውን ጻፉት።

ጎረቤቱን ሁሉ ጆሮ ጠቢ ማድረግ

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። በአጥር ቀዳዳ አየችኝ ብላችሁ የተቀየማችኋት ሴትዮ ፖሊስ ሲወስዳችሁም ያየችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ስንት ሆነው እንደመጡ፣ ስትወጡ ፊታችሁ ደህና እንደነበር የምትመሰክረው እሷ ናት። «ፖሊስ ነው ያስቀመጠሽ» ብላችሁ ከሰደባችኋት ምስክራችሁን አጣችሁ። ሰው አንዳንዴ የሚያየው አዝኖ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፈርቶ ነው። በዚህ ግጭት ባደከመን ጊዜ ማን ከማን ጋር ቆመ እየተባለ ይቆጠራልና ሰላምታ የነፈጋችሁ ሁሉ ጠላት አይደለም።

እንዲህ ስል የሚሰማችሁን ስጋት ልንቀው አይደለም። ክትትልም ማስፈራሪያም በእውነት ይኖራል። ስለዚህ ደብተር ያዙ፤ የሆነውን ብቻ ጻፉበት። «ሁሉም ያዩኛል» ማለት ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ብትጽፉ ግን ይጠቅማል፦ «ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ተኩል። ሞተር ሳይክል በራችን ላይ ቆመ። ነጂው ‹አቤቱታውን ካላነሳህ ታየዋለህ› አለኝ። እህቴ ሰምታለች።» ይህ ራሱን የቻለ አቤቱታ ይሆናል። የጎረቤት ግልምጫ ግን ማመልከቻው ውስጥ አይግባ። መርማሪው ሰውየው ሁሉን ይጠረጥራል ብሎ ዋናውንም ነገር ሊንቅባችሁ ይችላል። ስጋቱ እንቅልፍ ከነሳችሁም ጤና ባለሙያ አማክሩ። እውነታችሁን አይቀንስባችሁም።

ሰው ያየኛል ብሎ ሕክምና ማዘግየት

ሰንበር ይጠፋል፣ እብጠት ይጎድላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ «ወደቅሁ» አትበሉ። የካርድ ቁጥራችሁን ያዙ። ማስረጃው በኋላ በዐቃቤ ሕግ ወይም በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል።

በቃል ተናግሮ መመለስ

ፖሊሱ የሚሠራበት ጣቢያ ሄዶ ለተረኛው በቃል ነግሮ መመለስ ዋጋ የለውም። ማመልከቻ ጻፉ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ካጻፋችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። ሲጨርስ አስነብባችሁ ስሙት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳየ። ስድብ አይግባበት። ለወረዳው ወይም ለዞኑ ፖሊስ ኃላፊ ስታስገቡ ለዐቃቤ ሕግም ግልባጭ አድርጉ። መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ማህተም የተደረገበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። በወረዳችሁ ያለው ዓይን ከከበዳችሁ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አላቸው። እዚያ ማንም ጎረቤት አያያችሁም።

የታሰረ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱን ቁጠሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

ሽማግሌ ሲመጣ ሳያነቡ መፈረም

ሽምግልና ክቡር ነው፤ አባቶችን ከደጅ አትመልሱ። ግን «ይቅር ብያለሁ፣ ከእንግዲህ አልከስም» የሚል ወረቀት በአንድ ምሽት አትፈርሙ። «አንብቤ፣ ከሰው ተማክሬ ልምጣ» ማለት ነውር የለውም። ቀጠሮ በቀጠሮ ሲራዘምም ቀኑን አትርሱ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ ክስ የማይቀርብበት ወንጀል ከሆነ፣ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁ ከ3 ወር በኋላ ሰሚ የላችሁም። ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሣ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚሰጣችሁ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ጉዳቱ የወንጀል ሕጉ ከዚያ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ከሰጠው ወንጀል የመጣ ከሆነ ግን የረዘመው ጊዜ ይሠራል፤ ሽማግሌ ስትጠብቁ ቆያችሁ ብሎ የሚያራዝምላችሁ የለም።