የሊኑክስ ከርነልን ኮድ እንዴት እናንብብ? «ሪድ»ን ተከትሎ መግባት

የሊኑክስ ከርነልን (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት) ኮድ የከፈተ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፋይል ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይጀምራል። በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። አይፈረድበትም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲለቀው 10,000 መስመር ገደማ የነበረው ኮድ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። የሚሻለው የአንዱን ክር ጫፍ ይዞ መተርተር ነው። የኛ ክር ይህ ጥያቄ ይሁን፦ አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲያነብ ከርነሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ኮዱን አውርዱ። ከነሙሉ ታሪኩ በርካታ ጊጋባይት ይበላል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ከባድ ነው። ኮዱን በሚያወርደው የጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም) ትእዛዝ፣ ጊት ክሎን ላይ «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ይወርዳል። ማውረድ ካልፈለጋችሁም የቡትሊን «ኤሊክሰር» ድረ ገጽ አለ። የፈንክሽኑን ስም ስትጫኑ የተጻፈበትንና የተጠራበትን ቦታ ይዘረዝርላችኋል።

ቀጥሎ ሰፈሩን እወቁ። «ኤፍኤስ» የፋይል ሲስተም፣ «ኤምኤም» የሜሞሪ፣ «ኔት» የኔትወርክ ፎልደር ነው። «ድራይቨርስ» ከጠቅላላው ኮድ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ለጊዜው አትንኩት።

አሁን ከውጭ ጀምሩ። ፕሮግራም ወደ ከርነሉ የሚያደርገውን ጥሪ በሚዘረዝረው «ኤስትሬስ» በሚባለው መሣሪያ፣ የፋይል ይዘት የሚያሳየውን «ካት»ን አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስኪዱት። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ሪድ» የሚለውን ጥሪ ታያላችሁ። ግን «ሪድ» ብላችሁ ብቻ ኮዱ ውስጥ ብትፈልጉ በሺህ የሚቆጠር መልስ ይመጣል። ዘዴው ይህ ነው፦ ሲስተም ኮሎች (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅባቸው ጥሪዎች) የሚጻፉት «ሲስኮል ዴፋይን» በሚባል ማክሮ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ኮድ በሚዘረጋ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ከኋላው ያለው ቁጥር ጥሪው ስንት አርጉመንት እንደሚቀበል ይናገራል። ሪድ 3 ይቀበላል። ኮዱ ውስጥ ቃል በሚፈልገው ጊት ግሬፕ ማክሮውን በካፒታል፣ ሁለቱን ቃላት በአንደርስኮር አገናኝታችሁ፣ ከ3 እና ከሪድ ጋር ፈልጉት። ኤፍኤስ ውስጥ «ሪድ ራይት» የሚባል ፋይል ላይ ያደርሳችኋል።

ከዚያ «ኬሲስ ሪድ» ይጠራል፤ እሱ ደግሞ «ቪኤፍኤስ ሪድ»ን (ቪኤፍኤስ የሁሉም ፋይል ሲስተሞች የጋራ መግቢያ ነው)። እዚህ ፋይሉ ለንባብ መከፈቱና የተሰጠው የሜሞሪ አድራሻ ትክክል መሆኑ ይጣራል። በመጀመሪያው ንባብ የስህተት ማጣሪያዎቹንና ሎኮቹን (ሁለት ሥራ አንድን ዳታ እኩል እንዳይነካ የሚከለክሉትን) እለፏቸው፤ ዋናው መንገድ ሲገባችሁ ትመለሱባቸዋላችሁ።

ብዙ ሰው መንገድ የሚጠፋበት ቀጥሎ ነው። ቪኤፍኤስ ሪድ ቀጣዩን ፈንክሽን በስሙ አይጠራውም። በፈንክሽን ፖይንተር (የፈንክሽኑን አድራሻ በያዘ ተለዋዋጭ) ነው የሚጠራው፣ ምክንያቱም ዲስኩ ኤክስት4 (የተለመደ የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ይሁን ሌላ አያውቅም። እያንዳንዱ ፋይል ሲስተም «ፋይል ኦፕሬሽንስ» የሚባል ሠንጠረዥ ሞልቶ ያቀርባል። ስለዚህ ፈንክሽኑን ማሳደድ ትታችሁ ሠንጠረዡን ፈልጉ። የኤክስት4ን ብታዩ ለንባብ የትኛው ፈንክሽን እንደተመደበ በግልጽ ተጽፏል። ይህን ዘዴ የያዘ ሰው የትኛውም የከርነል ክፍል ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፤ ኔትወርኩም ድራይቨሩም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው።

ክሩ በመጨረሻ ወደ ኤምኤም ፎልደር፣ «ፋይልማፕ» ወደሚባለው ፋይል ይወስዳችኋል። ፔጅ ካሽ፣ ማለትም ከዲስክ የተነበበ ዳታ ሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ እዚያ ነው። የተፈለገው ዳታ ካሽ ውስጥ ካለ ዲስኩ ጭራሽ አይነካም። ትልቅ ፋይል ሁለተኛ ስትከፍቱ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ይህን በራሴ ዓይን ኮዱ ላይ ያየሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

የደረሳችሁበትን ፈንክሽን ሁሉ በቅደም ተከተል ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ኪውኢኤምዩ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም) ላይ ሊኑክስ አስነሥታችሁ በከርነሉ መከታተያ በ«ኤፍትሬስ» እውነተኛውን የጥሪ ቅደም ተከተል እዩና አመሳክሩ። የተሳሳታችሁበት ቦታ በጣም ያስተምራል።

አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ ግራ ሲገባችሁ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ በየትኛው ለውጥ እንደጻፈው የሚያሳየውን «ጊት ብሌም»ን ተጠቀሙ። ይህ ሙሉ ታሪኩን ይፈልጋል፤ ታሪኩም የሚጀምረው ቶርቫልድስ ጊትን ራሱን ከሠራበት ከ2005 ነው። የሁለት መስመር ለውጥ ብዙ ጊዜ የሦስት አንቀጽ ማብራሪያ አለው።

ከርነሉ የተጻፈበት የሲ ቋንቋ ፖይንተር ገና የሚከብዳችሁ ከሆነ ግን በኤምአይቲ «ኤክስቪ6» ጀምሩ። ለማስተማሪያ የተሠራ፣ ከ10,000 መስመር በታች የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። እዚያም ሪድ አለ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተከትላችሁት ትጨርሳላችሁ።

ወደ ሊኑክስ ስትመለሱ ያው ቪኤፍኤስ ሪድ ላይ ቁሙና በፋይሉ ፈንታ ፓይፕን (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብለውን) ተከተሉ። ሠንጠረዡ ኤፍኤስ ውስጥ «ፓይፕ» በሚለው ፋይል መጨረሻ አካባቢ ነው።