በር ላይ ስትደርሱ ሙዳችሁ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ጌም ሊያስጭኑ ብቅ ከሚሉ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ የበር ነው። "ጌሙ ውስጥ ጥልቅ ብዬ እየተጫወትኩ፣ በር ላይ ስደርስ ሙዴ ይጠፋል።" አብሽሩ፣ አብዛኛው መላ አለው።

በሩን ስትነኩት ይጨልምና ሎዲንግ ይመጣል

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪምን የተጫወተ ያውቀዋል። ቤቱና ደጁ ለየብቻ የተሠሩ ናቸው። በሩን ስትነኩ አንዱ ከሚሞሪ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። በሩ ተከፍቶ የማይታየው ከጀርባው ገና ምንም ስለሌለ ነው።

ጌሙን ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) አዛውሩት። ጥበቃው በጣም ያጥራል። ለዚህ ብላችሁ ግራፊክስ ካርድ አትግዙ፣ ብራችሁን ያዙ።

በዚያ ላይ ጌሙ በር በተሻገራችሁ ቁጥር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፣ ትንሽም ይፈጥናል። እኔ ግን አላጠፋም። መብራት ድርግም በሚልበት አገር እሱን ማጥፋት ድፍረት ነው።

የድሮዎቹ ለዚህ ጥበቃ ብልሃት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሬዚደንት ኢቭል በጨለማ መሀል ቀስ ብሎ የሚከፈት በር ያሳያል። ማሽኑ በዚያች ሰዓት ዲስኩን እያነበበ ነው። ተጫዋቹ ግን ሎዲንግ እየጠበቀ መሆኑ ትዝ አይለውም፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን እየፈራ ነው።

እጅ ሳይነሳ በሩ ይከፈታል

አኒሜሽኑ ስላልተሠራ ነው። ፒሲ ላይ ለአንዳንድ ጌሞች እጅ የሚያስነሳ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚያጋሩት ማሻሻያ) ይገኛል። ከሌለ ካሜራውን ወደ ፈርስት ፐርሰን፣ ማለትም በካራክተሩ ዓይን ወደሚያየው፣ ቀይሩት፤ ተገትሮ የሚታይ ገላ ስለማይኖር ብዙም አይከነክንም። ደግሞ ሁሉም በር አኒሜሽን ይኑረው አልልም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ላይ መሳቢያው ሁሉ በእጅ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ያስደስታል፣ ሲደጋገም ያንገሸግሻል።

ቤት ስትገቡ ሳህንና ኩባያው ይበተናል

ይሄም የስካይሪም ነው። የዕቃዎቹ እንቅስቃሴ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ፈጣን ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ላይ ይዘባረቃል። ፍሬሙን 60 ላይ ገድቡት።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው ሲጢጥ የሚለው

ብሉቱዝ ማዳመጫ አድርጋችኋል፤ ድምፁ በእሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ባለ ገመዱን ሰኩ።

መብራት ሲጠፋ በሩ እየተንቀጠቀጠ ይከፈታል

ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባል። መብራቱ እስኪመጣ ግራፊክሱን ዝቅ አድርጉ።

የራሳችሁን ጌም እየሠራችሁ፣ እጁ በሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጀማሪ ያሳየኝ ነው። ካራክተሩ በሩን ከየትም አቅጣጫ ቆሞ ይከፍታል፤ ስለዚህ መዳፉ አንዴ አየር ይጨብጣል፣ አንዴ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሄው ከእጀታው ፊት አንድ ቋሚ መቆሚያ መወሰን ነው። የጆይስቲኩ ቁልፍ ሲነካ ካራክተሩ መጀመሪያ እዚያ ይራመድ፣ ከዚያ እጁ ይነሳ። በሩ ሰው እስኪያሳልፍ ከተከፈተ ደግሞ ጆይስቲኩን ለተጫዋቹ መልሱለት፤ የቀረውን በሩ ራሱ ይጨርስ።