«ተዛውረዋል» ሲባሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ደብረ ብርሃን ዛሬ ቢራ ጠማቂው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ባንኩና የንግድ ድርጅቱ በዝቶባታል። ተቀጣሪ ሲበዛ የዝውውር ደብዳቤም ይበዛል። አንዱ ከማሽን ላይ ተነስቶ መጋዘን ይመደባል። ሌላዋ ከሂሳብ ክፍል ወደ ሽያጭ ትሄዳለች። ሌላው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ያለው ቅርንጫፍ እንዲሠራ ይታዘዛል። በደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ናት። ለደመወዝተኛ ግን ከደጋው ተነስቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ ቆላ መውረድ ማለት አዲስ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የወባ አጎበርና በየሳምንቱ የመኪና ሂሳብ ነው።

የሚያሳዝነው ብዙ ሰው መብት እያለው የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በሚሠራቸው ስህተቶች መሆኑ ነው። እዚህ የምለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ውልን ሳያነቡ መከራከር

«የቀጠሩኝ እዚህ ነው፣ ማንም አያነሳኝም» ከማለትዎ በፊት ውልዎን ያውጡና ያንብቡ። አዋጁ የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ እንዲገልጽ ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን ነገሮች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ባይደረግም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ሲያነቡ አንድ ሐረግ ይፈልጉ። «ድርጅቱ በሚመድብበት ማንኛውም ቦታ ለመሥራት ተስማምቻለሁ» የሚል ካለ ክርክርዎ ይከብዳል፤ ቀድመው ፈርመዋልና። ውሉ «የሥራ ቦታ፦ ደብረ ብርሃን» ብሎ ካቆመ ግን ጠንካራ መነሻ አለዎት። በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት፣ ሕጉ ራሱ ያልወሰናቸው የውል ሁኔታዎች የሚሻሻሉት በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል)፣ በአግባቡ በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። የአለቃ ስልክ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ይጠይቁ። ስለ ዝውውር ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ይህን ስል አሠሪ ሥራውን የመምራት ሥልጣን የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ደረጃና ደመወዝ ሳይነካ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ከአንድ ክፍል ወደ ተመሳሳይ ክፍል ቢያዛውርዎ በዚህ ላይ ፍርድ ቤት መሄድ ላያዋጣ ይችላል። ሂሳብ ሠራተኛን ጥበቃ፣ ተቆጣጣሪን ተራ የጉልበት ሠራተኛ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በቃል ትዕዛዝ መንቀሳቀስ

«ለጊዜው እዚያ ሂድ፣ ደብዳቤው ይደርስሃል» ተብሎ የሄደ ሰው ዓመት ሲሞላው ምን ይዞ ይከራከራል? ደብዳቤ ይጠይቁ። አዲሱ መደብ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ጊዜያዊ ከሆነም የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። በተጠባባቂነት ሲመደቡም እንደዚሁ ነው። እንቢ ካሉ «በዚህ ቀን በቃል በተሰጠኝ ትዕዛዝ መሠረት» ብለው እርስዎ ይጻፉላቸውና በመዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ።

ተናዶ ከሥራ መቅረት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሠራተኛ በደሉን በእግሩ ይመልሳል። «ካላከበሩኝ አልሄድም» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። አሠሪው ደግሞ በጽሑፍ እያስጠነቀቀ ቀን ይቆጥራል። በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት፣ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ አምስት ቀን ከቀረ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ያኔ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጥያቄው «ዝውውሩ ትክክል ነበር ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ለምን ቀሩ?» ይሆናል። አጥቂ የነበሩት ተከላካይ ይሆናሉ።

የሚሻለው ተቃውሞን በወረቀት፣ ሥራን በቦታው ማድረግ ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«በቀን … በቁጥር … የተጻፈው የዝውውር ደብዳቤ ደርሶኛል። በሥራ ውሌ ላይ የሥራ መደቤ ሂሳብ ሠራተኛ፣ የሥራ ቦታዬም ደብረ ብርሃን መሆኑ ተገልጿል። በለውጡ ያልተስማማሁ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ሥራ እንዳይበደል በተመደብኩበት ቦታ የምገኝ ቢሆንም ይህ ዝውውሩን እንደተቀበልኩ እንዳይቆጠርብኝና ውሳኔው እንደገና እንዲታይልኝ አመለክታለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት ወይም ማኅተም ያሳርፍበት። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። አቤቱታ ካቀረብኩ ያባርሩኛል ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ የልጆች ዳቦ ነውና። ግን አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል።

በጤና፣ በነፍሰ ጡርነት ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ጨርሶ መሄድ የማይችሉ ከሆነ፣ የተባለው ቀን ሳይደርስ ማስረጃዎን አያይዘው ያመልክቱ፣ የሕግ ባለሙያም ያማክሩ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀት ጉልበቱ ያንሳል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በተመለከተ ሕጉ በተቃራኒው ዝውውርን መብት ያደርገዋል። ሥራው ለጤናዋ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ ልትዛወር ይገባል።

«ተስማምቻለሁ» በሚል ላይ መፈረም

የሰው ኃይል ክፍል ጠርቶ «ፈርሚና ውሰጂ» ሲል ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ። ፊርማዎ ምን እንደሚል ይለዩ። «ደርሶኛል» ማለት ወረቀቱን ወሰድኩ ነው። «ተስማምቻለሁ» ግን አንቀጽ 15 የሚጠይቀው የጽሑፍ ስምምነት ሊሆን ይችላል፤ በራስዎ እጅ ውልዎን ቀየሩት ማለት ነው። ከፊርማዎ አጠገብ «ደርሶኛል፣ አልተስማማሁበትም» ብለው ቀን ይጻፉ። ማንም ሊከለክልዎ አይችልም። ያልገባዎትን ወረቀት ደግሞ «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» ማለት ነውር የለውም።

«ደመወዜ አልተነካም» ብሎ መረጋጋት

ደመወዝ በአሠሪው ፈቃድ ብቻ እንደማይቀነስ ብዙ ሰው ያውቃል። የማያስተውለው ሌላው ነው። በአዋጁ የትራንስፖርት አበል፣ የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ ሠራተኛ መኖሪያ ሲቀይር የሚከፈለው የመዛወሪያ ወጪ እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። አዋጁ «ለተዛወረ ሠራተኛ ይህን ያህል ብር ይከፈል» ብሎም አልወሰነም። ስለዚህ ደመወዙ ሳይነካ የቤት ዕቃ ማጓጓዣውና የሁለት ቤት ኪራዩ በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዕቃ የሚጭነው መኪና በማን ሂሳብ ነው? ለመዛወር ስንት ቀን ይሰጣል? አበሉ ይቀጥላል? ይህን ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሄዱ በኋላ የመደራደር አቅም ይቀንሳል።

ሁሉንም ለውጥ አንድ አድርጎ ማየት

ድርጅቱ በሙሉ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወርና እርስዎ አልሄድም ሲሉ፣ በአንቀጽ 28 መሠረት አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ማስጠንቀቂያው እንደ አገልግሎትዎ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። መደብዎ በበቂ ምክንያት ሲሰረዝም ማሰናበት የሚቻለው ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ካልተቻለ ነው። ድርጅቱ ተሸጦ ባለቤት ሲለወጥ ደግሞ ውልዎ አይለወጥም። «አዲስ ባለቤት፣ አዲስ ውል» የሚባለውን አይቀበሉ።

ሽማግሌ ልኮ ቀን መርሳት

እኛ ዘንድ ጠብ በሽምግልና ቢያልቅ ይመረጣል፣ እኔም እመርጣለሁ። ችግሩ ሽማግሌዎቹ «ፋሲካ ይለፍና»፣ «ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ሲመለስ» እያሉ ወራት ሲያልፉ ነው። የሕግ ጊዜ ሽማግሌ አይጠብቅም። ከሥራ ተሰናብተው ልመለስ የሚሉ ከሆነ ክሱ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄም በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ቀኑን ግን ካሌንደር ላይ ያክብቡት።

የግል የሥራ ክርክር፣ ማለትም የአንድ ሠራተኛ የራሱ ጉዳይ፣ የሚታየው በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ይጠብቅበታል። ከዚያ በፊት ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ እንለው የነበረውን ሥራ አሁን ወደያዘው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከትም ይቻላል።

በንዴት መልቀቂያ ማስገባት

መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ «አስገድደውኝ ነው» ማለት በጣም ከባድ ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ከወጡም ካለዎት ቀሪ ክፍያ ላይ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊቀነስብዎ ይችላል። ሕጉ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ የሚፈቅደው አሠሪው ክብርን የሚነካ ድርጊት ሲፈጽም፣ ለጤና ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ እያወቀ ዝም ሲል፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ያኔም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ያስፈልጋል፣ በዚህ መብት የመጠቀሚያው ጊዜም 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው።

ጽሕፈት ቤትም ሆነ ፍርድ ቤት ሲሄዱ የሥራ ውሉን፣ የዝውውር ደብዳቤውን፣ ገቢ የተደረገውን ተቃውሞ፣ ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያሉትን የደመወዝ ወረቀቶች ይያዙ። ኦሪጅናሉ እጅዎ ላይ ይቅር፣ የሚሰጡት ኮፒ ነው።