የወይን ጠጅን ታሪክ ከየት ልጀምር ለምትሉ

የወይን ጠጅን ታሪክ በዓመተ ምህረት ቅደም ተከተል መሸምደድ ከጀመራችሁ ቶሎ ይሰለቻችኋል። እኔ የምመክረው ከችግር መጀመርን ነው። «ምን አስቸገራቸው? ማን ገላገላቸው?» እያላችሁ ጠይቁ። ስሙም ዘመኑም ተከትሎ ይመጣል። (ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሻምፓኝን ያዙ። ፈረንሳዊቷ ባርብ-ኒኮል ክሊኮ በ1805 ባሏ ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነበር። የባሏን የሻምፓኝ ንግድ ራሷ ተረከበች። ትልቁ ራስ ምታቷ አተላ ነው። ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ሲፈላ የሞተው እርሾ እዚያው ይቀርና መጠጡን ያደፈርሰዋል። ወደ ሌላ ጠርሙስ እንዳይገለበጥ ደግሞ አረፋው ይጠፋል። በእሷ ቤት የተገኘው መላ በጣም ይገርመኛል፤ ጠረጴዛ በስተው ጠርሙሶቹን በአንገታቸው ሰኩ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ቀስ በቀስ ቁልቁል ደፏቸው። አተላው ተንሸራቶ ቡሹ ላይ ተጠራቀመ። ቡሹ ሲነሳ ግፊቱ አተላውን አስፈንጥሮ አወጣው።

እስቲ ሞክሩት። ውሃ በሞላ ጠርሙስ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩና ክዳኑን ግጠሙ። አጋድሙት፤ ከዚያ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ቁልቁል ድፉት። አሸዋው ወዴት እንደሚሄድ ስታዩ ነገሩ ቁልጭ ይልላችኋል።

ቀጥሎ፣ «እገሌ ፈለሰፈው» ሲባል ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ዓመቶቹን ጎን ለጎን ጻፉ። ሻምፓኝን የፈጠረው መነኩሴው ዶም ፔሪኞን ነው ይባላል። እሱ ግን ኦቪሌ ገዳም የገባው በ1668 ነው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት ደግሞ ስኳር ጨምሮ ወይን ጠጅን አረፋማ ስለማድረግ በ1662 ጽፏል። እንዲያውም በመነኩሴው ዘመን አረፋ ጠርሙስ የሚያፈነዳ ጣጣ ነበር። የዶም ፔሪኞን ትክክለኛ ሙያ ከተለያዩ ማሳዎች የመጣን ወይን አመጣጥኖ መቀላቀል ነው፤ በዚያ ቢታወስ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወደ ፊሎክሴራ እለፉ። ይህች ደቃቅ ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምራ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ አደረቀችው። የመጣችው ከአሜሪካ ነው፤ መፍትሔውም ከዚያው መጣ። የአሜሪካ ወይን ሥር ተባዩን ስለሚችል የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በላዩ አጣበቁት። ዛሬም አብዛኛው የአውሮፓ ወይን የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው።

የ1976ቱን የፓሪስ ውድድርም አትዝለሉ። እንግሊዛዊው የወይን ጠጅ ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ባዘጋጀው ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን የማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀምሰው፣ በነጩም በቀዩም የካሊፎርኒያን ወይን አንደኛ አወጡ።

ጥንቱን ለመጨረሻ አቆዩት። ጆርጂያ ውስጥ (የአሜሪካዋ ግዛት ሳትሆን የካውካሰሷ አገር) 8000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን አሲድ ቅሪት ተገኝቷል። እዚያ ስትደርሱ «ክቬቭሪ» የሚለውን ፈልጉ። ጆርጂያውያን ዛሬም መሬት ውስጥ ቀብረው ወይን የሚጥሉበት ትልቅ ጋን ነው።