የመክፈቻውን ጨዋታ ስታዩ ዓይናችሁን የት ታሳርፋላችሁ?

የሀዋሳ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ሆኖ መስከረም ሲጠባ ልቡ የማይንጠለጠል የለም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካሸነፍን ፒያሳ ያለው ካፌ ሁሉ «ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው» ይላል። ከተሸነፍን ደግሞ በማግስቱ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ደንበኛዬ ገና ከበሩ ሳይገባ «ይሄ ቡድን ወራጅ ነው» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ ለመጀመሪያ ልክ ሲመጣ ልብሱ በላላ ስፌት ብቻ የተያያዘ ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ገበር የለው። ያን ቀን የሚታየው የት እንደጠበበና የት እንደሰፋ እንጂ የልብሱ ውበት አይደለም። የመክፈቻ ጨዋታም እንደዚያው ነው። ውጤቱ ብዙ አይናገርም፤ የቡድኑ ልክ ግን ማየት ለፈለገ ሰው ወለል ብሎ ይታያል።

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። ፕሪሚየር ሊጉ ለምሳሌ በ16 ክለቦች ሲካሄድ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ ሁሉንም ቢያሸንፍ 90 ነጥብ ነው። የመክፈቻው ጨዋታ ከዚያ ውስጥ 3ቱን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በዚያ ቀን ከሜዳ ይዘን መውጣት ያለብን ደስታ ወይም ንዴት ብቻ መሆን የለበትም። ከአባዬና ከእህቴ ልጅ ጋር ሆኜ ጨዋታውን እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ፤ ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

አሰላለፉ ሲወጣ

አሰላለፉ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው በፌስቡክና በቴሌግራም ይወጣል። ስማቸውን በደብተር ላይ በሚጫወቱበት ቦታ ጻፉት፤ በረኛው ከታች፣ አጥቂው ከላይ። ቀጥሎ ዓምና ያልነበሩትን አንድ በአንድ ክበቡባቸው። እኛ አገር ክለቦች በየክረምቱ ብዙ ተጫዋች ስለሚቀያይሩ ክቡ መብዛቱ አያስደንግጣችሁ። ቁም ነገሩ ክቦቹ የት እንዳረፉ ነው። አዲሱ ሰው አጥቂ ከሆነ ችግር የለም፤ ብቻውንም ቢሆን ጎል ሊያገባ ይችላል። በረኛውና ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ከተከበቡ ግን ተዘጋጁ። እነዚህ ሦስቱ «ልቀቅ»፣ «ያዝ»፣ «የኔ ነው» የሚባባሉበት ድምፅ ገና አልተለማመደላቸውም። አንድ ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ ሁለቱም ይዘላሉ፣ ወይም ሁለቱም ለሌላው ይተዉታል። ይህን ያየ ሰው «ተከላካይ የለንም» ብሎ ከመጮሁ በፊት ደብተሩን ይይ። ልጆቹ ገና አልተግባቡም እንጂ መጥፎ ተከላካዮች ናቸው ማለት አይደለም። በሳምንታት ልምምድ የሚስተካከል ጉድለት ነው።

የመሃሉን ጥንድም እንዲሁ እዩ። ከተከላካዮች ፊት የሚጫወቱት ሁለቱ አማካዮች ዓምናም አብረው ከነበሩ እኔ በግማሽ ልቤ እረጋጋለሁ።

የት ሆናችሁ ታያላችሁ

ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲጫወቱበት ቆይቷል፤ ሀዋሳም አዳማም አስተናግደዋል። ስለዚህ የመክፈቻ ጨዋታችን እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሊሆን ይችላል፣ ሩቅ ከተማም ሊሆን ይችላል።

ስታዲየም የምትገቡ ከሆነ ከፍ ያለውን መደዳ ያዙ። ብዙ ሰው ተጫዋቾቹን በቅርብ ለማየት ብሎ ታች ይቀመጣል፤ ታች ሆኖ የሚታየው ግን የሚሮጥ እግር ብቻ ነው። ቡድን የሚታየው ከላይ ነው። ቀድማችሁ ግቡ፣ ለፀሐዩም ለዝናቡም ጃንጥላ ያዙ፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ሀዋሳ ላይ ሁለቱም ይመጣሉ። ሴቶች ደግሞ፣ ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ እንጂ አትቅሩ። ስታዲየሙ የኛም ነው።

በቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል የኋላ መስመራችን አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ውጪ ነው። በረኛው ከጎል ሲመታና የማዕዘን ምት ሲሆን ግን ካሜራው ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ያን ሰዓት ስልካችሁን አትንኩ፤ ሻዩንም በኋላ እዘዙት።

ሌላም ነገር አለ፤ ሣሩ። በአንድ ስታዲየም በቀን ሁለት ጨዋታ እየተደረገ ሳምንታት ሲያልፉ ሜዳው ይላጫል፣ ኳሷም ትነጥራለች። የመክፈቻው ሳምንት ሣሩ ገና ያልተነካበት ነው። በአጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን በዚያ ቀን ከትክክለኛ ደረጃው በላይ ሊያምር ይችላል። ዝናብ አድሮበት ከሆነ ደግሞ ሣሩ ውኃ ይይዝና ኳሷ መሃል መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ «ለምን ማቀበል አቃታቸው» ማለት ግፍ ነው። ከመጮሃችሁ በፊት ኳሷ መሬት ላይ እንዴት እንደምትሄድ ተመልከቱ።

ዕጣ ሲጣልም አትዘናጉ። ዕጣው የደረሰው አምበል መክፈቻ ኳሷን መውሰድ ወይም የሚያጠቃበትን ጎል መምረጥ ይችላል። ሀዋሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ይነሳል። አምበላችን ሰንደቆቹን ቀና ብሎ አይቶ ጎል ከመረጠ የሚያስብ አምበል አለን ማለት ነው።

የመጀመሪያው 15 ደቂቃ

አባዬ ሀዋሳ ያነሳውን የ1996ቱንም የ1999ኙንም የሊግ ዋንጫ በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው ነው። ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ኳሷን ተዋት። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ዓይን ራሱ ወደ ኳሷ ይሄዳል። ግን ኳሷ የት እንዳለች ከሕዝቡ ጩኸት ትሰሙታላችሁ። እናንተ በተከላካዮቻችንና በአማካዮቻችን መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እዩ።

መለኪያው ሜዳው ላይ ተሰምሯል። የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ከጎል መስመሩ እስከ ፊቱ ድረስ 16.5 ሜትር ነው። ያንን ርዝመት በዓይናችሁ ያዙትና በሁለቱ መስመሮች መካከል ዘርጉት። ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ ቡድኑ ተጠጋግቷል። ከዚያ ከበለጠ፣ በተለይ አማካዮቹ አጥቅተው ሲመለሱ፣ የተጋጣሚው አስር ቁጥር፣ ማለትም ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወተው አማካይ፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለው። ብዙ ጊዜ ጎል የሚገባብን በመጨረሻ የተሸወደው ተከላካይ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ አስቀድሞ በተከፈተው በዚህ ክፍተት ነው። ሕዝቡ ግን የሚሰድበው የመጨረሻውን ተከላካይ ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ሁለተኛው የማየው ነገር ኳስ ስንነጠቅ ነው። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። በዚያ ውስጥ በአቅራቢያው ያሉት ሁለት ሦስት ልጆች ኳሷን መልሰው ለመንጠቅ ከተረባረቡ፣ ወይም ሁሉም ፊቱን አዙሮ ወደ ቦታው ከሮጠ፣ አሠልጣኙ ክረምቱን ሠርቶበታል። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው አንዱ ሊነጥቅ ሲሮጥ ሌላው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲቆም ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ አጋማሽ ውስጥ ከተደጋገመ በትልቁ ጻፉት።

የማዕዘን ምት ሲመጣብን ሰው በሰው ነው የምንይዘው ወይስ ቦታ ነው የምንይዘው? ምቱ ለሚመታበት ማዕዘን ቅርብ የሆነው የጎል ቋሚ ላይ ማን ቆሟል? መሃል ሜዳ ላይ ስንት ሰው አስቀረን? እነዚህን አንዴ አይታችሁ ጻፉ፤ በቂ ነው።

እግር የሚናገርበት ሰዓት

ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ነው። የቅድመ ውድድር ዝግጅቱ እንዴት እንደነበር የሚታወቀው እዚህ ነው፤ የአሠልጣኙ ቃለ ምልልስ አይነግራችሁም። የመስመር ተከላካዮቹን እዩ። ለማጥቃት ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ይሮጣሉ ወይስ ይራመዳሉ? ቁርጥማት ይዞት መሬት ላይ የሚወድቀው የኛ ልጅ ነው ወይስ የእነሱ? በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ሁለት ሰው ቢወድቅ የወዳጅነት ጨዋታ የሙሉ ውድድር ጨዋታን ያህል ስለማያደክም ነው፤ አያስፈራም። አራት አምስት ሰው ከወደቀ ግን ሥራው አልተሠራም።

የምንጫወትበትን ከተማም አስቡ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም ኳስ ይፈጥናል፣ ከታሰበውም አልፎ ይሄዳል። ከደጋ ወርዶ የመጣ በረኛ በመጀመሪያው ጨዋታ የአየር ኳስ ላይ ሲሳሳት ካያችሁ አትገረሙ።

ቅያሪም አለ። አሁን 5 ተጫዋች መቀየር ይፈቀዳል፣ ጨዋታው በሚቆምባቸው 3 አጋጣሚዎች ብቻ፤ የዕረፍቱ ሰዓት አይቆጠርም። አሠልጣኙ ማንን መጀመሪያ እንዳስገባ ጻፉ። እየተመራ ሳለ መጀመሪያ የሚያስገባው ሰው በልቡ የሚተማመንበት ሰው ነው።

ደጋፊው እርስ በርስ እንዳይጨቃጨቅ አንድ ደንብ ላስታውስ። ከ2018 የውድድር ዘመን ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ ከ8 ሰከንድ በላይ ከቆየ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል። ስለዚህ ዳኛው እጁን ሲያነሳ «ምን ሆነ?» አትበሉ፤ አብራችሁ ቁጠሩ።

ወጣቱን አትንኩት

በመክፈቻ ጨዋታ ላይ ከተስፋ ቡድን ያደገ ልጅ ተሰልፎ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኳሶች ቢያበላሽ ዝም በሉ። ከቻላችሁ አጨብጭቡ። ይህን የምለው ስላዘንኩለት ብቻ አይደለም። አዳነ ግርማ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ የሀዋሳን ማሊያ ለብሶ ነው ያደገው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ ጥር 2005 ላይ፣ በ10 ተጫዋች ሆነን የዋንጫው ባለቤት በነበረችው ዛምቢያ ላይ አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሽመልስ በቀለም ከዚሁ ክለብ ተነስቶ ነው ብሔራዊ ቡድን የደረሰው፣ ግብፅም ሄዶ ለዓመታት የተጫወተው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን በዚህ ሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ነክተዋል። ዛሬ የሚሰለፈው ልጅ ከእነሱ አንዱ ይሁን አይሁን በአንድ ከሰዓት አናውቅም። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆኖ ተጫዋች ሲሰድብ ደብተሩን አስይዘዋለሁ፤ የሚጽፍ ሰው አይሳደብም።

ሲያልቅ

ዕረፍት ላይ ሦስት መስመር፣ ሲያልቅ ሦስት መስመር ጻፉ። ከሌላ ሰው ጋር ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት፤ ከስታዲየም እስከ ባጃጁ ባለው መንገድ የሕዝቡ ወሬ የራሳችሁን ዕይታ ይወስድባችኋል። ስለ ዳኛው አትጻፉ። ስለ ዕድልም አትጻፉ። ክፍተቱ፣ ከተነጠቅን በኋላ ያለው አምስት ሰከንድ፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ ያለው እግር፤ እነዚህን ጻፉ።

ከዚያ እስከ 5ኛው ሳምንት ፍርድ አትስጡ። በየሳምንቱ እነዚያኑ ጥያቄዎች መልሱ። በ1ኛው ሳምንት የታየ ጉድለት በ3ኛው ከጠፋ የአለመግባባት ነበር፤ 5ኛው ሳምንት ላይም ካለ የአሠላለፍ ወይም የተጫዋች ጉዳይ ነው፣ ያኔ አሠልጣኙን ብትተቹ በማስረጃ ነው። አሸንፈን ሳለም ይህንኑ አድርጉ። 2 ለ 0 አሸንፎ ክፍተቱ ከ16 ሜትር ሲበልጥ የዋለ ቡድን እኔን አንድ ለባዶ ከተሸነፈ ጥብቅ ቡድን ይልቅ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩበት። የሌላ ቡድን ደጋፊ ጠይቁ። ሱቄ አጠገብ ያለው ጎረቤቴ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ነው፤ ከመክፈቻ ጨዋታችን በኋላ ቡና ላይ «እኛን ብትገጥሙን በየት በኩል ታጠቁናላችሁ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ፍቅር ስለሌለበት የማየውን ሳይሆን የማላየውን ነው የሚነግረኝ። እኔም የእሱን ቡድን እንዲሁ አይቼ እመልስለታለሁ። እሱ ያለውን በደብተሩ ጠርዝ ላይ በሌላ ቀለም ጻፉትና ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት፤ ሁለታችሁም የጠቆማችሁት ቦታ ካለ በሚቀጥለው ጨዋታ መጀመሪያ እሱን እዩ።