ከወገብ በታች ተደንዝዛችሁ ኦፕራሲዮን ልትሆኑ ነው? ስለ ግፊት መውረድ ይህን ያዙ

ስፓይናል (ጀርባ ላይ በአንድ መርፌ የሚሰጥ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መድኃኒት) ከተወጋችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ነገር እግራችሁ ሙቅ ሙቅ ሲል ነው። ደስ ይላል። ግን ሙቀቱ ከየት መጣ? መድኃኒቱ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ብቻ አይደለም የሚያደነዝዘው፤ የደም ሥሮችን ጨበጥ አድርገው የሚይዙትንም አብሮ ያደነዝዛል። ሥሮቹ ይላላሉ፣ ደሙ እግርና ሆድ አካባቢ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊት ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በመጀመሪያዎቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ኤፒዱራል (ጀርባ ላይ በገባ ቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ማደንዘዣ) ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ግፊቱም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

እኛ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ይህን እየጠበቅን ነው የምንገባው። ቢሆንም እናንተ የምታግዙን ነገር አለ፣ ከቤት ይጀምራል።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉት ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ 24 ሰዓት በፊት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ እንደ አቴኖሎል ያሉት ግን ድንገት ከተቋረጡ ልብን ያውካሉ። ስለዚህ እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ፣ ጠይቁ። የልብ ቫልቭ ችግር ካለባችሁ፣ ሰሞኑን ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረባችሁ፣ ደም ከፈሰሳችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ውሃም አለ። “ምግብ እንዳትቀምሱ” ሲባል ከማታ ጀምሮ ጉሮሯቸው ደርቆ የሚመጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሰውነት ፈሳሽ ሲያንሰው ግፊቱ በቀላሉ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ምግብ ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ንጹህ ውሃ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። የእናንተን ሐኪም ጠይቃችሁ የነገራችሁን ያዙ።

አሁን ዋናው። ክንዳችሁ ላይ የታሰረው መለኪያ በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው ጭምቅ እያደረገ ይለካል። በሁለቱ ልኬት መሀል የሚሆነውን ግን ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ድንገት ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ላብ ላብ ካላችሁ፣ ካዛጋችሁ፣ ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ ወዲያው ተናገሩ። “ባለሙያውን እንዳላስቸግር” ብሎ ነገር የለም። ከንፈሩ እየነጣ “ደህና ነኝ” የሚል ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ እናቶች። እኛ ደግሞ የቆምነው ለዚሁ ነው፦ በደም ሥር ፈሳሽ እናፈጥናለን፣ እንደ ፌኒሌፍሪን ወይም ኢፌድሪን ያለ ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት እንሰጣለን፣ የልብ ምት ከቀነሰ አትሮፒን አለ። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ማቅለሽለሹም አብሮ ይለቃል።

የእጅ ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ እጃችሁ ከዛለ ወይም ትንፋሽ አጥሯችሁ ድምፃችሁ ከቀጠነ፣ ማደንዘዣው ወደ ላይ እየወጣ ሊሆን ይችላልና አንዲት ሰከንድ አትጠብቁ። መናገር ካቃታችሁ ዓይናችሁን ወደ ባለሙያው አድርጉ ወይም ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ።

በኦፕራሲዮን የምትወልዱ እናቶች ግፊታችሁ የመውረድ ዕድሉ ከሌላው ሰው የበዛ ነው። በጀርባ ስትተኙ ማህፀን ትልቁን ደም መላሽ ሥር ይጫነዋል። ለዚያ ነው ቀኝ ዳሌ ሥር ጨርቅ ወይም ትራስ አድርገን ወደ ግራ ዘንበል የምናደርጋችሁ። አይመችም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሕፃኑ እስኪወጣ ቀና ለማለት አትሞክሩ። የእናት ግፊት ሲወርድ ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል።

ካለቀ በኋላ እግራችሁ መንቀሳቀስ ሲጀምር “ለቀቀኝ” ብላችሁ ብድግ አትበሉ። የላሉት የደም ሥሮች ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሱ ይሆናል። ነርሷ ስትፈቅድላችሁ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁን ወለል አስነኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ሰው ይዟችሁ ተነሡ። የመጀመሪያው የሽንት ቤት መንገድ ብቻችሁን አይሁን። ከዞረባችሁ መልሳችሁ ተኙና ነርሷን ጥሩ።