ሎቢው ያበራል፣ ጓዳው ግን? ሆቴሎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ዘንድሮ ሠራተኛ የሚባል ጠፋ» የማይል የሆቴል ባለቤት አላጋጠመኝም። ሐዋሳ ውስጥ የአልጋ አንጣፊዎች ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ስንፍና ከሚባለው አብዛኛው የሚመጣው ከሕንፃው ነው።

ሊፍትን ለእንግዳ ብቻ መተው። የእኛ ሆቴል የሠራተኛ ሊፍት ተበላሽቶ ቆሟል፤ የእንግዳው ላይ «ለሠራተኛ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጆቹ አንሶላና ፎጣ በትከሻቸው ተሸክመው አምስት ፎቅ በደረጃ ይወጣሉ። በ8 ሰዓት ፈረቃ 14 ክፍል የተሰጣት ልጅ ለአንዱ የሚደርሳት 34 ደቂቃ ነው፤ ያውም ምሳዋ ሳይቀነስ። ከዚህ ላይ 10 ደቂቃውን ደረጃ ከበላው መጀመሪያ የሚዘለለው ከአልጋው ሥር መጥረግ ነው። እንግዳው አቧራ ሲያይ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለእሷ ነው። በመጨረሻ በየፎቁ አንድ አንድ የአንሶላ ቁም ሣጥን አስገባን፤ የማታ ፈረቃ ይሞላዋል። ሊፍቱ እኔ እስክለቅ አልተሠራም።

ጥገናን በቃል ማዘዝ። «304 ቧንቧው ያንጠባጥባል» ይባላል፤ ቴክኒሻኑ «እሺ» ይላል፣ ይረሳል። ማታ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ያንኑ ክፍል ትሸጣለች፤ ቁጣው እሷ ላይ ይወርዳል። ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ አንድ ደብተር ይበቃል፦ የክፍል ቁጥር፣ ብልሽቱ፣ የተነገረበት ሰዓት፣ ሲያልቅ ፊርማ።

የወጥ ቤቱን ጭስ መሳቢያ መርሳት። ማጣሪያው በቅባት ሲደፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ምግብ አብሳዩ በላብ ተጠምቆ ይነጫነጫል፣ ትእዛዝ ይምታታበታል። ቅባቱ ደግሞ እሳት ይይዛል። ማጣሪያውን እየፈቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ የማንንም ኪስ አይጎዳም።

ጀነሬተሩን ከላውንደሪ (ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ) ጋር አለማገናኘት። መብራት ሲሄድ ሎቢው ይበራል፣ ማሽኖቹ ይቆማሉ። ጠዋት ንጹሕ አንሶላ የለም፤ ከዚያ «ክፍሉ ለምን አልደረሰም?» ይባላል።

የሠራተኛ ሽንት ቤትን ያለ ውሃና ሳሙና መተው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነትና ደኅንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። ታዲያ ውሃ በሌለበት ገብቶ የወጣ አስተናጋጅ በዚያው እጁ ሳህን ያነሳል። አለቃዬን ስጠይቃቸው «ሳሙና ካስቀመጥን ይሰርቁታል» አሉኝ። ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የፈሳሽ ሳሙና ማስቀመጫ እኮ በእንግዳው ሽንት ቤት ሁሉ አለ።